ብቻውን የሚጓዝ ሰውና አደራው

ሰው ብቻውን መንገድ መሄዱ መልካም ነውን? ይህ ጥያቄ ለሰሚው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ጥቂት ቆም ብለን ብንመረምረው፣ ሰው ስለ ራሱ ያለውን መብትና ለሌላው ያለበትን ግዴታ የሚያገናኝ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። አባቶቻችን ብቻውን የሚጓዘውን ሰው በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር፤ ወይ ሸሽቷል፣ ወይ ከዘመድ ተጣልቷል ይሉታል። ሲራራ ነጋዴው እንኳ አጋሰሱን ጭኖ ከጓደኞቹ ጋር በአንድነት ይጓዝ ነበር እንጂ ብቻውን በረሓ ማቋረጥን እንደ ጀግንነት አይቈጥረውም ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ተማሪው ብቻውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ መምህሩ ብቻውን ወደ ተመደበበት ወረዳ ይወርዳል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ለስብሰባ ብቻውን ባሕር ይሻገራል። ከዚህም አልፎ፣ በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል የዕረፍት ጊዜውን ብቻውን በሽርሽር መርከብ ላይ የሚያሳልፍ አይታጣም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ በተለይ በውሃ ላይ ብቻውን ስለሚጓዝ ሰው ጥቂት ልንነጋገር አስበናል። በውሃ ላይ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በየብስ የሚሄድ ሰው ቢደክመው ያርፋል፤ መንገዱን ቢጠላው ይመለሳል። በውሃ ላይ ያለ ሰው ግን ራሱን ለቀዛፊው ወይም ለመርከቡ አዛዥ አንድ ጊዜ ካስረከበ በኋላ በፈቀደው ሰዓት ልውረድ ማለት አይችልም። እንግዲህ የብቸኝነት ነገር በትክክል የሚፈተነው እዚያ ነው።

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በዓባይ ዳር ያገኘነው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ አሶሳ ሄደን ነበር። አንድ የዕረፍት ቀን ስናገኝ፣ ለጓደኞቻችንም ሆነ ላረፍንበት ቤት ባለቤት አንዳች ሳንናገር፣ ማለዳ ተነሥተን በመኪና ወደ ወንዙ ወረድን፤ ከዚያም ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ተዋውለን በጀልባው ተሳፈርን። አሳባችን ውሃውን አይተን ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ልንመለስ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ተነሣ፤ የጀልባውም ሞተር ቆመ። በመቅዘፊያ እየተጋገዝን ወደማናውቀው ዳር ስንደርስ መሽቶ ነበር። የስልካችንም ባትሪ አልቆ ነበር።

በዚያ ሰፈር አንድ የበርታ ሽማግሌ ተቀበሉን። ከማሽላ ዱቄት የተገነፋ ገንፎ ከባምያ ወጥ ጋር ቀረበልን፤ መኝታም ተነጠፈልን። ከበላን በኋላ ሽማግሌው በልጃቸው አስተርጓሚነት ከየት እንደ መጣን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ወደዚህ መምጣትህን ማን ያውቃል?» አሉን። «ማንም አያውቅም» ብለን መለስንላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ መልሳችን ውስጥ ጥቂት ኩራት ነበረበት። ሽማግሌው ግን ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው ውሃው ወስዶህ ቢሆን ኖሮ መርዶህን ለማን እንልክ ነበር?» አሉን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጉዟችን የራሳችን ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ብንጠፋም የምንጠፋው እኛው ነን ብለን እናስብ ነበር። ነገር ግን ብንሞት ሬሳችንን የሚፈልጉት፣ መቃብሩን የሚቈፍሩት፣ ይህ ሰው ማን ነው፣ እንዴትስ ሞተ ተብለው የሚጠየቁት እነዚያ የማያውቁን ሰዎች ነበሩ። ቀዛፊውም ያለ ጥፋቱ በተጠርጣሪነት ሊቆም ይችል ነበር። በአሶሳ ያረፍንበት ቤት ባለቤትም የተቈለፈ ክፍልና የማይመለስ እንግዳ ይዞ ይቀር ነበር። ብቻችንን የሄድን መስሎን ሳለ፣ ሳንጠይቃቸውና ሳይፈቅዱ ብዙ ሰዎችን የነፍሳችን ባለ አደራ አድርገናቸው ነበር።

ስለዚህ ነገር ባሰብን ቍጥር፣ ሁለት ነገሮች ሳይለዩ አብረው እንደ ኖሩ ተረዳን። ብቻ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ሳይታወቁ መሆን ሌላ ነገር ነው። ብቻ መሆን የማንኛውም ሰው መብት ነው፤ አእምሮን ያሳርፋል፣ ዓይንን ይከፍታል፣ ከባዕድ ሰው ጋር ለመነጋገር ያስገድዳል። ከጓደኛው ጋር የሚጓዝ ሰው ከጓደኛው ጋር ብቻ ሲያወራ አገሩን ሳያይ ይመለሳል። ሳይታወቁ መሆን ግን መብት አይደለም፤ የራስን አደጋ በሌላው ትከሻ ላይ በስውር መጫን ነው። ስለዚህ የጥያቄው መልስ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሰው አደራ ነው የሚል ሆኖ አገኘነው። አደራ ደግሞ በሁለት ወገን ያለ ነገር ነው፤ አደራ ሰጪ ያስፈልገዋል፣ አደራ ተቀባይም ያስፈልገዋል። ሳይነገር የሚሰጥ አደራ የለም።

ይህን ስንል፣ በጓድ ሆኖ መሄድ ብቻውን ሰውን ያድናል ማለታችን አይደለም። የዓባይ ታሪክ ራሱ ይህን ይነግረናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. አርነ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ በአንዲት አነስተኛ ታንኳ ብቻውን ከሸፈርታክ ድልድይ ተነሥቶ፣ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚባለውን አገር አቋርጦ እስከ ሱዳን በደኅና ወረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ የእንግሊዝ ጦር መኰንን በነበረው በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ጓድ፣ ብዙ ሰውና ብዙ ጀልባ ይዞ፣ አውሮፕላንም እየረዳው፣ በክረምት ሙላት ወደ ዓባይ ወረደ፤ ሆኖም ከአባላቱ አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር በውሃ ተወስዶ ሞተ። ብቻውን የነበረው ዳነ፤ ከብዙዎች ጋር የነበረው ሞተ። ከዚህ የምንማረው ብቸኝነት ይሻላል የሚለውን አይደለም። ውሃ የሰው ብዛት አይቈጥርም የሚለውን ነው።

ደግሞም «ብቻውን ሄደ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እውነቱን አይገልጽም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ዩዋን ማሪያ ስኩቨር የተባለ የሆላንድ ሰው ወደ ላይኛው ዓባይ መጥቶ የቤላ ሻንጉልን አገር ተመልክቷል። በ1883 በባሕር ኤል ገዛል ተገደለ። ይህ ሰው ብቻውን የተጓዘ አገር አሳሽ እየተባለ ይነገርለታል። ነገር ግን አሽከሮችና ጭነት የሚነዱ ሰዎች ነበሩት፤ በየደረሰበትም የአገሬው ሰው አሳድሮታል፣ መንገድም አሳይቶታል። ስለዚህ ብቻውን ሄደ የምንለው ሰው ብዙውን ጊዜ የረዱት ሰዎች ስማቸው ያልተጻፈለት ሰው ነው። ብቸኛ መንገደኛ ሊፈጽመው ከሚገባው ግዴታ የመጀመሪያው፣ ይህን አለመርሳት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተግባሩ እንመለስ። ምክራችን ለዓባይ ጀልባም ለትልቁ የሽርሽር መርከብም የሚሆን ነው፤ መጠኑ ይለያይ እንጂ ሕጉ አንድ ነውና።

አንደኛ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ስሙን፣ የሚሄድበትን ስፍራ፣ የሚመለስበትን ሰዓትና የአንድ ዘመዱን ስልክ ቍጥር በወረቀት ጽፎ ባረፈበት ቤት ይተው፤ ሌላውን ቅጂ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ በኪሱ ይያዝ። ሥራው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ነገር ግን ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ይኸው ወረቀት ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከከተማ ርቆ የሚወርድ መንገደኛ ደግሞ የወረዳውን ሹማምንትና የአገር ሽማግሌዎችን ሳይጠይቅ አይንቀሳቀስ። በ2013 ዓ.ም. በመተከልና በካማሺ በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው መፈናቀሉ አይዘነጋም። የመንገድን ሰላም ከካርታ ላይ ማንበብ አይቻልም፤ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ነው የሚያውቀው። አገሩ ቆላ ስለ ሆነም ወባ አለበት፤ ስለዚህ አጎበር መያዝ፣ ትኵሳት የተሰማው እንደ ሆነም ሳይውል ሳያድር ለጤና ሠራተኛ መናገር ያስፈልጋል። የብቸኛ ሰው ሕመም የሚከፋው፣ ማተኰሱን ግንባሩን ዳስሶ የሚያውቅለት ሰው ስለሌለ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚሳፈርበትን ጀልባ ይመርምር። የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን ብቻ ሳይሆን በልኩ መሆኑን ይይ፤ ከመቀመጫ ሥር ያለ ጃኬት ማንንም አያድንምና ጀልባው ሳይንቀሳቀስ ይልበሰው። ጣናን የሚያውቁ ሁሉ እንደሚመክሩት ጉዞውን በማለዳ ያድርግ፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ ትንሿን ጀልባ ያናውጣታልና። በዓባይ አዞና ጉማሬ መኖሩን አስቦ እጁን በውሃ ውስጥ አያንጠልጥል፤ የአገሩ ሰው ሳይነግረውም ለመታጠብ አይውረድ። በጉባ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ በስተ ኋላም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የንጋት ሐይቅ ተኝቷል። ወደፊት በዚህ ሐይቅ ላይ ለጉብኝት የሚወጣው ሰው እየበዛ እንደሚሄድ አንጠራጠርም። ደረቅ ምድርን ሸፍኖ በተሞላ ሐይቅ ሥር ግን የዛፍ ግንድ ተሰውሮ ሊቆም ስለሚችል፣ ስፍራውን ከሚያውቅ ቀዛፊ ጋር ካልሆነ በቀር መውጣት አይገባም።

ሦስተኛ፣ በሽርሽር መርከብ የሚሄድ ሰው መርከቡ ሳይነሣ የሚደረገውን የአደጋ ጊዜ ልምምድ ቸል አይበል። ጥር 13 ቀን 2012 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በኢጣሊያ በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ቀን በቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚህ በኋላ ዓለም አቀፉ ሕግ ተሻሽሎ፣ ከ2015 መጀመሪያ አንሥቶ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ታዟል። ባልና ሚስት የሆኑ እንደ ሆነ አንዱ ሌላውን ይፈልገዋል፤ ብቸኛውን ግን የሚፈልገው በመቍጠሪያው ስፍራ የተመዘገበው ስሙ ብቻ ነው። እዚያ ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ፣ እርሱን ፍለጋ የሌላ ሰው ነፍስ ወደ አደጋ ይላካል።

ወደ ወደብ ሲወርድም የመርከቡን ሰዓት በእጅ ሰዓቱ ላይ ያስተካክል። መርከብ ለዘገየ ሰው አይጠብቅም፤ ብቸኛውንም ሰው «ጓደኛዬ ቀርቷል» ብሎ የሚጮኽለት የለም። ኢትዮጵያዊው መንገደኛ በተለይ የቪዛውን ነገር አስቀድሞ ይመርምር። መርከቡ ከአንድ አገር ወጥቶ፣ ሌላ አገር ነክቶ፣ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ እንደ ሁለተኛ መግባት ስለሚቈጠር፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ በመካከል መንገድ ያስቀረዋል። የፓስፖርቱንም ቅጂ ከፓስፖርቱ ለይቶ ያስቀምጥ።

አራተኛው ስለ ዋጋ ነው፤ በዚህም ውስጥ የፍትሕ ጥያቄ አለበት። የሽርሽር መርከብ ክፍል ለሁለት ሰው ተብሎ ስለሚሠራ፣ ብቻውን የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ዋጋ ይጠየቃል፤ አንዳንድ ጊዜም የሁለት ሰው ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ሰው ብቻውን በመሆኑ እጥፍ መክፈሉ ፍትሕ ነውን? የመርከቡ ባለቤት ባዶ የቀረው አልጋ ኪሣራዬ ነው ይላል፤ ንግግሩም ሐሰት አይደለም። በባሕር ዳርም ሆነ በዓባይ ዳር ጀልባ የሚከራይ ሰው ለአንድም ለአምስትም ሰው ቢቀዝፍ የሚያቃጥለው ነዳጅ ብዙ አይለያይም። እኛ እንደሚመስለን ፍትሕ የሚጓደለው ዋጋው በመብዛቱ ሳይሆን በመሰወሩ ነው። ስለዚህ ብቸኛው መንገደኛ አስቀድሞ ጠይቆ ይወቅ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ኖርዌጂያን ኤፒክ በተባለው መርከብ እንደ ተደረገው ለአንድ ሰው ብቻ የተሠሩ ክፍሎች ያሏቸው መርከቦች ስላሉ እነርሱን ይፈልግ። በአገራችን ጀልባ ደግሞ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተዳብሎ ኪራዩን ይካፈል እንጂ፣ ለርካሽ ዋጋ ሲል ቀዛፊው ከልክ በላይ ሰው እንዲጭን ምክንያት አይሁን። ለእንግዳ ተቀባይ ደግ ሰውም በቃል ብቻ ሳይሆን በሚገባው መንገድ ወሮታውን ይመልስ። የድኻ ቤት ማዕድ ለእንግዳ የሚሰፋው፣ የባለቤቱ ድርሻ እያነሰ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ይቃወመን ይሆናል፤ «ለሁሉም ከተናገርሁ፣ ስሜንና መንገዴን ሁሉ ከጻፍሁ፣ ብቻዬን መሆኔ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ብቸኛ መሆኔን ያወቀ ሁሉ ወዳጄ ነውን?» ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው፤ በተለይ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ብታነሣው ልናደምጣት ይገባል። መልሳችን፣ መታወቅና መጋለጥ አንድ አይደሉም የሚል ነው። መታወቅ ኃላፊነት ባለው ሰው ዘንድ ነው፤ ይኸውም በቤት ባለቤት፣ በሹም፣ በመርከቡ መዝገብ፣ በዘመድ ዘንድ ነው። የክፍልን ቍጥር በማዕድ ላይ ለተገኘ ሁሉ መንገር፣ ብቻዬን ነኝ እያሉ በገበያ መናገር ግን መጋለጥ ነው። አደራ ለሁሉ አይሰጥም፤ ለሚጠብቀው ይሰጣል። ብቸኛዋን ሴት «ባልሽ የት አለ?» ብሎ ማስጨነቅም አደራ ተቀባይነት አይደለም። አደራ የተቀበለ ሰው ይጠብቃል እንጂ አይመረምርም።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ መንገድ ያለፈ ሰው የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን እንዴት እንደሚሸከሙ ሳያይ አይቀርም። ረጅም እንጨት በትከሻቸው ላይ ያጋድማሉ፤ ጭነቱንም ከፍለው በሁለቱ ጫፍ ያንጠለጥሉታል። ከአንዱ ወገን ብቻ ቢንጠለጠል እንጨቱ ይዘነብላል፤ ተሸካሚዋም አንድ ምዕራፍ አትሄድም። ሁለቱ ሲመዛዘኑ ግን ከባዱ ሸክም በቀና መንገድ ይሄዳል። የብቸኛ መንገደኛም ነገር እንዲሁ ነው። በአንዱ ጫፍ ነፃነቱ አለ፤ በሌላው ጫፍ አደራው አለ። ነፃነቱን ብቻ ያንጠለጠለ ሰው ራሱ ይወድቃል፤ ሌላውንም ይጥላል። አደራውን ብቻ ያሰበም ከቤቱ ደጃፍ ሳይወጣ ይኖራል።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ብቻውን የሚዞር ሰው ሁሉ ይህን ተረት ለራሱ ቢያደርገው መልካም ነው፤ ማደሪያ የሌለው ሰው እንኳ ይዞት የሚዞረው ነገር አለና። ዓባይ ዛሬ በጉባ ማደሪያ አግኝቷል፤ የእኛ ማደሪያ ግን ስማችንን የሚያውቅ ሰው ነው።

በመጨረሻ ስለዚያ ሽማግሌ አንድ ነገር ሳንናገር ብንቀር ጽሑፋችን ሙሉ አይሆንም። በማግሥቱ ስንሰናበታቸው የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይኸውም አሶሳ ስንደርስ በደኅና መግባታችንን በዓሣ አጥማጁ በኩል እንድንልክባቸው ነው። እኛም ቃል ገባን። ነገር ግን አሶሳ ስንደርስ ሥራው ያዘን፤ ከሥራው በኋላም ወደ አዲስ አበባ ተመለስንና ነገሩን ረሳነው። ቃላችን ትዝ ብሎን መልእክት የላክነው ከአንድ ወር በኋላ ነበር። የመጣልን መልስ አጭር ነው፤ ሽማግሌው በየገበያው ቀን ልጃቸውን ወደ መንገዱ እየላኩ፣ ያ እንግዳ ደርሷልን እያሉ ሲያስጠይቁ ሰንብተዋል። መርዷችንን የሚልኩለት ሰው ባያገኙ፣ የደኅንነታችንን ወሬ የሚነግራቸው ሰው ይፈልጉ ነበር።

ስለዚህ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሁሉ ጉዞው የሚፈጸመው ቤቱ ሲደርስ እንዳልሆነ ይወቅ። መድረሱን ለሚጠብቁት ሰዎች ቃል በላከ ጊዜ ነው ጉዞው የሚፈጸመው። ወጣት መምህራንና ተማሪዎች፣ እናንተም በሥራ የምትንቀሳቀሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ብቻችሁን ለመሄድ አትፍሩ፤ አገራችሁንም ዓለምንም እዩ። ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ንገሩ፤ በደረሳችሁም ጊዜ መድረሳችሁን ላኩ። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው፤ እናንተ ግን ሳይዘገይ ትማሩት ዘንድ ይህን ጻፍንላችሁ።